የቆየውን የሕዝብ አዳራሽ እናድሰው፣ እንለውጠው ወይስ እናፍርሰው? አምስቱ መንገዶች በንጽጽር

የቆየ የሕዝብ አዳራሽ ጉዳይ ለውሳኔ ሲቀርብ ሁሉም ሰው ሐሳብ አለው። መሐንዲሱ «ፌሮው ዝጓል» ይላል። ሙዚቀኛው «ድምፁ ድሮም ጥሩ አልነበረም» ይላል። የሒሳብ ሰው አፍርሶ አዲስ መሥራት እንደሚቀል አስልቶ ያመጣል። በልጅነቱ እዚያ ኮንሰርት ያየ ሰው ደግሞ አንዲት ብሎን እንዳትነካ ይላል። ሁሉም የየራሳቸው እውነት አላቸው። የሚወስነው ሰው ግን ግራ ይገባዋል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። የማዘጋጃ ቤት ባለሙያ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ የአዳራሽ ሥራ አስኪያጅ ወይም የኮሚቴ አባልም እንዲሁ። ሕንፃው እንዳይፈርስ ፊርማ የምታሰባስቡ ጎረቤቶችም ብትሆኑ ይጠቅማችኋል። የማወራው ስለ ሞደርኒስት አዳራሾች ነው። በተለይ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ በሕዝብ ገንዘብ ስለተሠሩት፣ ጌጥ ስለማያበዙት፣ አርማታና መስታወታቸው ፊት ለፊት ስለሚታየው ሕንፃዎች። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። በድሮዎቹ የአውሮፓ ቲያትር ቤቶች ብዙ ጊዜ የሀብታሙና የድሃው መግቢያ የተለያየ ነበር። ርካሽ ትኬት የያዘው በጎን በር ገብቶ በጠባብ ደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። እነዚህ አዳራሾች ያንን ሊቀይሩ ነው የመጡት። አንድ በር፣ አንድ ሰፊ ሎቢ፣ ከየትኛውም ወንበር የሚታይ መድረክ። ስለዚህ የትኛው መንገድ ይሻላል ስል መጀመሪያ የማየው ሕንፃው ከሥራው በኋላ ለማን ክፍት እንደሚሆን ነው። አርማታውን አድኖ በሩን ለጥቂት ሰው ብቻ የሚከፍት ፕሮጀክት ለእኔ ግማሽ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ መስፈርቶቹ

አማራጮቹን ከማየታችሁ በፊት ስድስት ጥያቄዎችን በወረቀት መልሱ። ቅደም ተከተሉ ጥቅም አለው። ብዙ ቦታ ከገንዘቡ ይጀመራል፤ ከዚያ የሚመጣው ክርክር ማለቂያ የለውም።

*የሚጠበቀው ምኑ ነው?* «ሁሉም» መልስ አይሆንም። የሲድኒ ኦፔራ ሃውስ እዚህ ላይ ጥሩ ያስተምራል። አርክቴክቱ ዮርን ኡትዞን ሕንፃው ሳያልቅ በ1966 ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ሥራውን ትቶ ሄደ። ሕንፃው በ1973 ተመረቀ። ከብዙ ዓመት በኋላ ከእሱ ጋር ታርቀው፣ ወደፊት ሕንፃው ሲነካ መከበር ያለበትን መርህ እንዲጽፍ ጠየቁት። ሰነዱ በ2002 ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ይህን ብንቀይር ምን ይላል?» ብሎ የሚጠየቅ ወረቀት አላቸው። የእናንተ አርክቴክት በሕይወት ባይኖርም ወረቀቱን ራሳችሁ ማዘጋጀት ትችላላችሁ። የማይነካው፣ በጥንቃቄ የሚነካው፣ እንደ ልብ የሚቀየረው ተብሎ በሦስት ይከፈል።

*የሕንፃው ጤና እንዴት ነው?* እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው የተሳሳተ ውሳኔ የሚመነጨው ከዚህ ነውና። አርማታ ገና ሲሠራ ውስጡ አልካላይን፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ ይህ ባሕርዩ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቀዋል። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ይገባና ያንን መከላከያ ያጠፋዋል። ፌሮው ጋ ሲደርስ ዝገት ይጀምራል። ዝገት ከብረቱ ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛልና አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በዚያ ዘመን ፌሮው ብዙ ጊዜ ለላዩ በጣም ቅርብ ሆኖ ነው የተሠራው።

ምርመራው ደግሞ የሚያምር ነገር ነው። ባለሙያው በትንሽ መዶሻ ግድግዳውን እየነካካ ይሄዳል። ደህናው ቦታ ጠጣር ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ባዶ ማሰሮ እንደ መምታት ይሆናል። ከዚያ ትንሽ ቦታ ሰብሮ አዲስ በተሰበረው ላይ ፌኖልፍታሊን የተባለ ፈሳሽ ይረጫል። ጤነኛው አርማታ ወዲያው ደማቅ ሮዝ ይሆናል። መከላከያው ያለቀበት እንደ ነበረ ይቀራል። ሮዝው ከላይ ስንት ሚሊ ሜትር ገብቶ እንደሚጀምር፣ ፌሮው ደግሞ ስንት ላይ እንዳለ ታነጻጽራላችሁ። ሮዝው ከፌሮው በፊት ከጀመረ ጊዜ አላችሁ። ይህ ምርመራ ሳይደረግ «አርማታው አልቆለታል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። «ምንም አልሆነም» የሚላችሁንም እንደዚሁ።

ሌላው አስቤስቶስ የተባለው እሳት የሚቋቋም ክር መሰል ማዕድን ነው። በእነዚያ ዓመታት ብረት ከእሳት እንዲጠበቅ ይረጭበት ነበር፤ በኮርኒስና በቧንቧ መሸፈኛም ይገኛል። ሳይነካ ሊቀመጥ ይችል ይሆናል። ሲቦረቦርና ሲሰበር ግን ብናኙ ሳንባ ይገድላል። ናሙና እንኳ የሚወስደው የሠለጠነ ሰው ብቻ ነው።

*ድምፁስ?* ለሲምፎኒ ኦርኬስትራ የሚመች አዳራሽ ድምፅ ሁለት ሰከንድ ገደማ ይቆይበታል። ለንግግርና ለቲያትር ደግሞ አንድ ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ነው የሚሻለው። «ለሁሉም ይሆናል» ተብለው የተሠሩት አዳራሾች ችግር እዚህ ላይ ነው። ዋናው አገልግሎታችሁ የቱ እንደሆነ ካልመረጣችሁ የድምፅ መሐንዲሱ ሊረዳችሁ አይችልም።

*ገንዘቡስ?* ሁለት ገንዘብ አለ፤ የማደሻውና የየዓመቱ። የመጀመሪያውን የሚሰጥ ይገኛል። ሁለተኛውን የሚሰጥ ግን ብርቅ ነው።

*የሠራነው ቢሳሳት መመለስ ይቻላል?* በብሎን የታሰረ ይፈታል። የፈረሰ አይመለስም።

*በሩስ?* ትኬት የሌለው ሰው የት ድረስ መግባት ይችላል?

አንደኛው መንገድ፦ በነበረበት ማደስ

ቅርጹ፣ ቁሳቁሱና ሥራው ሳይለወጥ ጉዳቱን መጠገን፣ ከዚያ መብራቱን፣ አየሩን፣ የአካል ጉዳተኛ መግቢያውን ዘመናዊ ማድረግ ማለት ነው። ሕንፃው ትልቅ ቅርስ ከሆነና አካሉ ደህና ከሆነ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ይህ ነው።

በአርቱሮ ሜዜዲሚ የተነደፈው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ ጥሩ ማሳያ ነው። የስብሰባ እንጂ የመዝናኛ ቤት አይደለም፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። በ1961 ተመርቆ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተበት። የተባበሩት መንግሥታት ለእድሳቱ 57 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መድቦ ሕንፃው በጥቅምት 2024 እንደገና ተከፈተ። 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ታድሶ በቦታው አለ። ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋምም ተጠናክሯል። ይህ የመጨረሻው በፎቶ አይታይም፤ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ግን እንዲህ ያለው ነው።

የዚህ መንገድ ወጥመድ «እንደ ነበረ» የሚለው ቃል ነው። በሄልሲንኪ ያለው ፊንላንዲያ አዳራሽ የአልቫር አልቶ ሥራ ነው፤ በ1971 ተመረቀ። ውጩ ከጣሊያን በመጣ ነጭ የካራራ እብነ በረድ ለበሰ። ንጣፎቹ ቀጭን ናቸው፤ አገሩ ደግሞ ብርድና ሙቀት ይፈራረቅበታል። የእብነ በረዱ ጥቃቅን ክሪስታሎች ሲሞቁ ወደየአቅጣጫው እኩል ስለማይለጠጡ ድንጋዩ ቀስ በቀስ እንደ ደረቀ ቆዳ ተጠማዘዘ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁሉም ተነቅሎ በዚያው በካራራ ተተካ፤ ለመጀመሪያው ቁስ ታማኝ ለመሆን። እሱም ተጠማዘዘ። በ2022 ጀምሮ በ2025 መጀመሪያ ባለቀው እድሳት ከላሳ የመጣ ሌላ የጣሊያን እብነ በረድ ተመረጠ። ነጩ መልክ ተጠበቀ፣ ድንጋዩ ተቀየረ። እኔ የኋለኛው ውሳኔ ትክክል ነው እላለሁ። አርክቴክቱ የፈለገው ነጭነቱን ነው፤ መጠማዘዙን አልነበረም። ያኔ ይህን ለማወቅ ግን አንድ ሙሉ ልባስ አልፏል።

የለንደኑ ሮያል ፌስቲቫል ሆል ደግሞ ትንሽ ደፈር ያለ ነው። በ1951 ለፌስቲቫል ኦፍ ብሪተን የተሠራ ነው። በአጠገቡ የነበሩት የበዓሉ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ወዲያው ፈረሱ፤ እሱ ቀረ። በ1988 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሠሩ ሕንፃዎች የመጀመሪያው ሆኖ በአንደኛ ደረጃ ቅርስነት ተመዘገበ። ድምፁ ግን ከመጀመሪያው ደረቅ ነበር። ከ2005 እስከ 2007 ተዘግቶ ታደሰ፤ ለድምፁ ሲባል የአዳራሹ ኮርኒስና ግድግዳ ሳይቀር ተነካ። እኔን ግን የሚማርከኝ ከዚያ በፊት የተደረገው ነው። በ1983 ሎቢው ትኬት ለሌለውም ሰው ቀኑን ሙሉ ክፍት እንዲሆን ተወሰነ። አንድ ድንጋይ ሳይነሳ፣ በአንድ የአስተዳደር ውሳኔ ብቻ፣ ሕንፃው የሕዝብ ሳሎን ሆነ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ውጩን ጠብቆ ውስጡን መቀየር

በጀርመን ድሬስደን ያለው ኩልቱርፓላስት በ1969 ተመረቀ። አርክቴክቱ ቮልፍጋንግ ሄንሽ ነው። ትልቁ አዳራሹ ለኮንሰርት፣ ለጭፈራ፣ ለስብሰባ፣ ለሁሉም ነበር፤ ስለዚህ የከተማው ኦርኬስትራ በድምፁ አልረካም። ከ2012 እስከ 2017 አዳራሹ ከውስጥ ወጥቶ 1,800 ገደማ ወንበር ያለው አዲስ የኮንሰርት አዳራሽ ገባበት። የከተማው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍትና አንድ የካባሬት ቲያትርም አብረው ገቡ። ውጩ፣ ደረጃዎቹ፣ በጎኑ ያለው የሶሻሊስት ዘመን ግዙፍ የግድግዳ ሥዕል ሳይነኩ ቆዩ።

ሄንሽ የነደፈውን አዳራሽ ለማዳን ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ነበር። አልተሳካለትም። ይህን ሳስብ ሁሌም ይከብደኛል። የጠፋው እውነተኛ ነገር ነው፤ ያ ዘመን ሕዝብን በምን መልክ ሰብስቦ ያዝናና እንደነበር የሚያሳየው ክፍል ነው የሄደው። በሌላ በኩል ግን ቤተ መጻሕፍቱ ቀኑን ሙሉ ሰው ያመጣል። ኮንሰርት በሌለበት ረፋድ ልጅ ይዞ የሚገባ ሰው አለ። በእኔ ሚዛን ይህ ብዙ ይመዝናል።

ይህን መንገድ የምትመርጡ ከሆነ ቅድመ ሁኔታው ይህ ነው፤ ውስጡን ከመንካታችሁ በፊት የውስጡ ዋጋ ከውጩ ያነሰ መሆኑን በመጀመሪያው መስፈርት አረጋግጡ። በብዙ ሞደርኒስት አዳራሾች እውነቱ ተቃራኒ ነው። ውጩ ተራ ሳጥን ሆኖ ሀብቱ ሁሉ ውስጥ ነው፦ ደረጃው፣ እጀታው፣ መብራቱ፣ የግድግዳው እንጨት። ፊቱን ብቻ ትቶ ከጀርባው ሌላ ሕንፃ መሥራት ደግሞ የዚህ መንገድ የከፋው ዓይነት ነው፤ አልመክርም።

ሦስተኛው መንገድ፦ የወደቀውን መልሶ መሥራት

ይህ የሚመጣው ከአደጋ በኋላ ነው። የበርሊኑ ኮንግረስሃሌ በ1957 ከአሜሪካ በስጦታ የተሰጠ ነው፤ አርክቴክቱ ሂዩ ስታቢንስ። የተጠማዘዘ ጣሪያው ዝነኛ ነበር። ግንቦት 21 ቀን 1980 የጣሪያው ደቡባዊ ክፍል ተደርምሶ ሰው ሞተ። በአርማታው ውስጥ የተወጠሩት ብረቶች ዝገው ነበር። ከተማው መልሶ ለመሥራት ወሰነና በ1987 ተከፈተ። መልኩ የድሮው ነው፤ ጣሪያውን የሚሸከመው ዘዴ ግን ተለውጧል። ዛሬ የዓለም ባህሎች ቤት ሆኖ ይሠራል።

«ይህ ቅጂ ነው» የሚል አለ። ትክክል ነው። ሕንፃው የከተማው ምልክት ሆኖ ካልተገኘና የመጀመሪያው ፕላን በእጃችሁ ከሌለ ይህን መንገድ አታስቡት።

አራተኛው መንገድ፦ ዘግቶ ማቆየት

ማንም «ይህን መረጥኩ» አይልም። ግን በብዙ ቦታ የሆነው ይኸው ነው። ውሳኔ ሲዘገይ፣ ጨረታ ሲሰረዝ፣ ባለሀብት መጥቶ ሲሄድ ሕንፃው ይዘጋል።

በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን ያለው ሊናሃል በ1980 ለሞስኮ ኦሎምፒክ የጀልባ ውድድር ተብሎ የተሠራ ነው። አርክቴክቶቹ ራይኔ ካርፕና ሪና አልትሜ ናቸው። ከ4,000 ሰው በላይ የሚይዝ የኮንሰርት አዳራሽ ነበረው። ከ2010 ገደማ ጀምሮ ዝግ ነው። በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ግን ውሃ ይገባበታል፣ የኖራ ድንጋዩ ደረጃ ይፈረፈራል። የሚገርመው በሩ ቢዘጋም ጣሪያው ክፍት ነው። ሕንፃው ወደ ባሕሩ እንደ ደረጃ የሚወርድ ስለሆነ ሰዎች ላዩ ላይ ተቀምጠው ጀምበር ስትጠልቅ ያያሉ። ውስጡ ሞቶ ላዩ ሕያው የሆነ አዳራሽ ነው።

ዘግቶ ማቆየት መጥፎ የሚሆነው ያለ ዕቅድ ሲሆን ነው። በዕቅድ ከሆነ ግን እውነተኛ አማራጭ ነው። ጣሪያው ይጠገናል። ፍሳሹ ይጠረጋል። አየር እንዲዘዋወር ይደረጋል። ጥበቃ ይቀጠራል። በየወሩ አንድ ሰው እያንዳንዱን ክፍል ዞሮ አይቶ ይመዘግባል። የሚያልቅበት ቀንም ይቆረጣል። ቀን ያልተቆረጠለት መዝጋት ቀስ ብሎ ማፍረስ ነው።

አምስተኛው መንገድ፦ ማፍረስ

አንዳንዴ ሌላ መንገድ አይኖርም። ቢሆንም የበርሊኑን ፓላስት ዴር ሬፑብሊክ ታሪክ ሳታውቁ አትወስኑ። በ1976 ተከፈተ። የምሥራቅ ጀርመን ፓርላማ እዚያ ነበር፤ ግን ትልቅ አዳራሽ፣ ምግብ ቤቶች፣ ቲያትርና የቦሊንግ መጫወቻም ነበረው። ሰው እዚያ ጨፍሯል፣ ተድሯል። በ1990 በአስቤስቶስ ምክንያት ተዘጋ። 5,000 ቶን ያህል አስቤስቶስ ነበረበት። ያንን ማውጣት እስከ 2003 ፈጀ። አስቤስቶሱ ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ሕንፃው ንጹሕ አጥንት ሆኖ ሳለ፣ ከ2006 እስከ 2008 ፈረሰ። በቦታው የጥንቱን ቤተ መንግሥት መልክ የያዘ ሕንፃ ተሠራ።

ከባዱ ወጪ ወጥቶ ካበቃ በኋላ ማፍረስ ያንገበግበኛል። ስለዚህ የማፍረስ ሐሳብ ሲመጣ ሁለት ነገር ለይታችሁ ጠይቁ፦ ሕንፃው አደገኛ ነው ወይስ የሚያስታውሰው ዘመን ደስ አይልም? ሁለተኛው መልስ የምህንድስና ጉዳይ አይደለም፤ በምህንድስና ሪፖርትም መሸፈን የለበትም።

የግድ ከሆነ ከመፍረሱ በፊት ሙሉ ልኬት ይወሰድ፣ እያንዳንዱ ክፍል ፎቶ ይነሳ፣ የሠሩበትና ያዘወተሩት ሰዎች ይቀረጹ፣ የጥበብ ሥራዎቹ በጥንቃቄ ይነቀሉ።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| መንገድ | የመጀመሪያ ወጪ | መመለስ ይቻላል? | የድምፅ ችግር ይፈታል? | የሕዝብ በር | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| በነበረበት ማደስ | ከፍተኛ፤ በደረጃ ሊከፈል ይችላል | በአብዛኛው | በከፊል | እንደ አስተዳደሩ | «እንደ ነበረ» በሚል ጥፋትን መድገም |
| ውስጡን መቀየር | በጣም ከፍተኛ | አይቻልም | አዎ | ሊሰፋ ይችላል | ውድ የሆነውን ውስጥ ማጣት |
| መልሶ መሥራት | በጣም ከፍተኛ | — | አዎ፣ ከታቀደ | እንደ አጠቃቀሙ | ቅጂ መሆኑ |
| በዕቅድ መዝጋት | ዝቅተኛ፤ የየዓመቱ ግን አይቋረጥም | አዎ | አይፈታም | ዝግ | መረሳት፣ ውሃ |
| ማፍረስ | አስቤስቶስ ካለ ከሚታሰበው በላይ | ፈጽሞ አይቻልም | — | በሚተካው ይወሰናል | ጸጸት |

የቱ ለማን ይሆናል?

በቂ ገንዘብ ካላችሁና ሕንፃው የታወቀ ቅርስ ከሆነ በነበረበት አድሱ። የመጀመሪያውን ክፍያ ግን ለምርመራ አውሉት። አንድ ዓመት ሙሉ መመርመር ጊዜ ማባከን አይደለም።

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ አንድ ላይ ለማደስ አትሞክሩ። ጣሪያ፣ ከዚያ ፍሳሽ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ የእሳት መውጫ። ወንበርና ምንጣፍ መጨረሻ ይምጡ። የሚያሳዝነው ብዙ ቦታ ከወንበሩ ነው የሚጀመረው፤ ምክንያቱም ሪባን ሲቆረጥ የሚታየው እሱ ነው። ትልቁ አዳራሽ ዝግ ቢሆን እንኳ ሎቢውን ለይታችሁ ማስከፈት ትችሉ እንደሆነ እዩ። ለኤግዚቢሽን፣ ለንባብ፣ ለልጆች ልምምድ ይሆናል። ሰው የሚገባበት ሕንፃ ተቆርቋሪ አያጣም።

ቋሚ ኦርኬስትራ ወይም ትልቅ ቲያትር ያለው ከተማ ከሆነ፣ አዳራሹም ለሁለቱም የማይመች ከሆነ፣ ሁለተኛውን መንገድ አስቡ። የውስጡ ዋጋ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ሙዚቃውን ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ አዳራሹን ለንግግር፣ ለፊልምና በድምፅ ማጉያ ለሚቀርብ ሙዚቃ መተው ይሻላል። ለእነዚህ ደረቅ ድምፅ ጥቅም ነው።

ፊርማ የምታሰባስቡ ጎረቤቶች ከሆናችሁ «አትንኩ» ብቻ አትበሉ። ከአማራጮቹ አንዱን ይዛችሁ ቅረቡ። ለዘመናዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ከ1988 ጀምሮ የሚሠራ ዶኮሞሞ የሚባል ዓለም አቀፍ ድርጅት አለ፤ በብዙ አገር ቅርንጫፍ ስላለው ባለሙያ ለማግኘት ጥሩ መነሻ ነው። የመጀመሪያውን ፕላን ፈልጉ። በማዘጋጃ ቤት መዝገብ፣ በአርክቴክቱ ቤተሰብ ወይም በሠራው ተቋራጭ ዘንድ ሊገኝ ይችላል። የሕንፃው የጥገና ሠራተኞች የሚያውቁትን ጠይቃችሁ ጻፉ። የትኛው ቧንቧ የት እንደሚያልፍ በቃላቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ አብሯቸው ይሄዳል።

ገና ምንም ያልወሰናችሁ ደግሞ ከክረምቱ በፊት ሰው አውጥታችሁ የጣሪያውን አሸንዳ አስጠርጉ።